ታች ያለው የእጅ ጌም ይሻላል ወይስ ቁልፍ ብቻ ያለው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከፊት አራት ቴሌቪዥንና አራት ፕሌይስቴሽን 4፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ የጥገና ጠረጴዛ። ከመጋረጃው ወዲያ ልጆች እየከፈሉ ኳስ ይጫወታሉ፤ ከመጋረጃው ወዲህ እኔ እነርሱ ያደከሙትን ጆይስቲክ እፈታለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ስለዚህ ጥያቄዬ የተጫዋችም የጠጋኝም ነው።

ወሬው ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ብሉምበርግ በኖቬምበር 2024 ሶኒ የፕሌይስቴሽን 5 ጌሞችን የሚያጫውት በእጅ የሚያዝ ኮንሶል እያሰበ መሆኑን፣ ሥራውም ገና ጅምር ላይ መሆኑን ዘግቧል። ከዚያ ወዲህ ማንም ስላላየው ዕቃ የማይባል ነገር የለም። ሰሞኑን የጎላው ጭምጭምታ በታች፣ ማለትም በጣት ሲነካ፣ ይሠራል የሚለው ነው፤ ስክሪኑ ታች፣ አንዳንዱ እንደሚለው ጀርባውም ታች። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዕቃው ከውጭ ነው፣ ቀኑም ከውጭ ይሁን።)

እኔ ታች በእጅ ጌም ላይ ትርፍ ነገር ነው እላለሁ፤ ቢቀር ይሻላል። ምክንያቴ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ቁልፍ ሲሰንፍ ጆይስቲኩን እፈታና ከቁልፉ ሥር የተኛችውን ላስቲክ አነሣለሁ። ሆዷ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች፤ ቁልፉ ሲጫን ከሥሩ ካለው ሰሌዳ ጋር ተነካክታ ምልክት የምትሰጠው እርሷ ናት። በአልኮል በራሰ ጥጥ እጠርጋታለሁ። አልቃ ከሆነ ከሞተ ጆይስቲክ ያስቀረኋትን አንዷን እተካለሁ። ያዘዝኩት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሥራው ያልቃል። ታች ሲሞት ግን መስታወቱና ስክሪኑ የተጣበቁ ናቸውና አብረው መለወጥ አለባቸው። ያንን ለማግኘት ደግሞ ከዱባይ የሚመለስ ሰው መለመን ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ከደረጃ ወድቆ ታቹ የሞተ፣ ቪታ የሚባል አንድ የሶኒ የእጅ ኮንሶል አለ፤ ባለቤቱ ትቶልኝ ከሄደ ሦስት ዓመት አለፈው። ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ። ስክሪኑም ይበራል። ጣት ሲያርፍበት ግን አይሰማም።

ሁለተኛው ምክንያቴ የደሴ ብርድ ነው። የዛሬ ታች የሚሠራው የጣትን ኤሌክትሪክ እያነበበ ነው፤ የሱፍ ጓንት ካጠለቅህ አያውቅህም። ሦስተኛው፣ አውራ ጣት ስክሪን ላይ ሲያርፍ የሚያየውን ራሱ ይጋርዳል። ቁልፍን ግን ሳታየው ታገኘዋለህ፤ ጨለማ ውስጥም ቢሆን። ኔንቴንዶ በ2004 ዲኤስ የተባለውን የእጅ ኮንሶል ይዞ እስኪመጣ ድረስ ማንም በእጅ ጌም ላይ ታች አላሰበም፤ ያለ እርሱም ተጫውተን አድገናል። ተሳስተሃል የሚል ካለ ይናገር።

የመጡት መልሶች

ተናገሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሃያ አምስት መልስ መጣ። ቃላቸውን አልገለብጥም፤ አንዳንዱ ቢገለበጥም አያምርም። ያሉትን በተራ እተርካለሁ።

1ኛው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የሚማር ልጅ ነው። በጨዋ ሰላምታ ጀምሮ ጋሼ እያለ ከእኔ ጋር ተስማማ። በስልክ ኳስ ሲጫወት ግራ አውራ ጣቱ ሳያውቀው እየተንሸራተተ እንደሚሄድና ተጫዋቹ ወደ ክንፍ ይሮጣል ሲል ወደ ራሱ ጎል እንደሚመለስበት ጻፈ። ጋሼ መባሌን ወደድኩትም ጠላሁትም፤ ዕድሜዬን በሦስት መስመር ጽሑፍ እንዴት እንዳወቀው ግን አልገባኝም።

2ኛው ከኮምቦልቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። እርሱም ታችን ይቃወማል፤ ምክንያቱ ግን የእኔ ተቃራኒ ነው። እኛ ደሴዎች ስለ ጓንት ስናወራ እነርሱ ከእኛ ዝቅ ብለው በሙቀት ያልባቸዋል። በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ እጁ ወዝቶ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ሲቀር፣ መስታወቱ ያንን ላብ እንደ ጣት እየቆጠረ ራሱን በራሱ ሲጫን ማየቱን ነገረን። ልክ ነው። ላብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ታቹ ደግሞ ጣትን ከጠብታ የሚለየው እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ነው። በመኪና ሰዓት የማይሞላ መንገድ ያለያቸው ሁለት ከተሞች አንድ ዕቃን በሁለት ተቃራኒ ምክንያት ሲያማርሩ ደስ አለኝ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

3ኛው ያንን ደስታ ወሰደው። በአጭሩና በትሕትና፣ ከዲኤስ በፊት ታች አልነበረም ማለቴ ስሕተት መሆኑን ጻፈ። ታይገር የሚባለው የአሜሪካ መጫወቻ ሠሪ በ1997 ጌም ዶት ኮም የተባለ በእጅ የሚያዝ ኮንሶል አውጥቷል፤ ስክሪኑ በብዕር የሚነካ ነበር። ከዲኤስ ሰባት ዓመት ይቀድማል። ገዥ አላገኘም፤ ሰውየው ግን ገዥ ማጣቱን ለታች ክፋት ማስረጃ አድርጌ እንዳልይዘው አስቀድሞ አስጠነቀቀኝ። ልይዘው ነበር።

4ኛው ሌላ እርማት ይዞ መጣ፤ የእርሱን ግን በደስታ ነው ያነበብኩት። ታች ሁሉ አንድ አይደለም ይላል። የዲኤስ የታችኛው ስክሪን በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ያላቸው ሁለት ስስ ንብርብሮች አሉት። ስትጫነው ይነካካሉ፤ የተነካኩበትን ቦታ ያነባል። የጣትህ ኤሌክትሪክ አያገባውም። ስለዚህ በጓንትም፣ በጥፍርም፣ በእንጨትም ይሠራል። እንጨቱን ያነሣው እንዲያው አይደለም። አክስቱ ከሳዑዲ ስትመለስ ዲኤስ አምጥታለት በሁለተኛው ሳምንት ብዕሩን ቦርከና ዳር ጣለው። እናቱ ጋር ሄዶ መፋቂያ ለመነ። የተቆረጠውን ጫፍ በምላጭ አሾለ፤ ሲሾል ስክሪኑን ጫረበት፤ ደነገጠ፤ ከዚያ የደረጃ ድንጋይ ላይ እያሸ ጫፉን የሽንብራ ፍሬ አስመሰለው። በዚያች መፋቂያ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። ሲያስብ የሚያኝካት እርሷኑ እንደነበረ ሳይደብቅ ነገረን።

5ኛው አላመነም። ሰው ጌምና ጥርሱን በአንድ እንጨት አያሠራም፤ ወሬ ለማሳመር የተፈጠረ ነው ብሎ ጻፈ። 6ኛው ያው 4ኛው ነው። ምንም አልተከራከረም፤ ፎቶ ለጠፈ። ግራጫ ዲኤስ፣ አጠገቡ አንድ ጫፏ የተፋቀ፣ ሌላው ጫፏ የተሞለሞለ አጭር እንጨት። ስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የወረደች ቀጭን ጭረት ትታያለች። 5ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

7ኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ነው ገጹን የከፈተላቸው። ርእሱን ብቻ ሁለት ጊዜ አንብበው ታች የሚለውን ቃል እንደ አማርኛው ወስደውታል። ቁልፎቹ ከላይ ይሁኑ ከታች ለምን ይህን ያህል እንደሚያከራክር ጠየቁና፣ እርሳቸውን ከጠየቅናቸው መሐል ላይ ቢሆኑ ለሁለቱም እጅ እንደሚመች መከሩን። ማንም አልሳቀባቸውም። 1ኛው ልጅ መምህሬ እያለ አስረዳቸው። ታች ማለት መንካት መሆኑን ሲረዱ፣ ለመንካት አማርኛ ጠፍቶ ነው ወይ ብለው አንድ አንቀጽ ገሠጹን። ልክ ናቸው፤ ሆኖም ማንኛውም ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄዳችሁ መንኪያው ተበላሸ ብትሉ ምን እንደሚሰጣችሁ አላውቅም።

8ኛው የሰኞ ገበያ ልጅ ነው፤ ስለ ጀርባ ታች የመጣው እውነተኛ ምስክር የእርሱ ነው። ሶኒ ቪታን በጃፓን በዲሴምበር 2011 ሲያወጣ ፊቱ ባለ 5 ኢንች ታች ስክሪን፣ ጀርባውም የሚነካ ሰሌዳ ነበረው። ለቪታ የወጣው ፊፋ ያንን ጀርባ የጎል አፍ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ግራ ላይ ብትነካው ኳሱ ወደ ግራ ቋሚ፣ ላይ ብትነካው ወደ አግዳሚው ይመታል። ሐሳቡ ያምራል። እርሱና ታላቅ ወንድሙ አንዱን ቪታ እየተቀባበሉ ይጫወቱ ነበር፤ የተሸነፈ ውሃ ይቀዳል። ወንድሙ በ88ኛው ደቂቃ አንድ ለባዶ እየመራ፣ ኳሷን ከራሱ ተከላካይ ጋር እያንሸራሸረ ሰዓት ይገድላል። አፍንጫውን በላው። አንድ እጁን ሊያነሣ ሲል የሌላው እጅ ጣት ጀርባውን ለጠቅ አደረገው። ተከላካዩ ከራሱ ሜዳ ተኮሰ። ኳሷ ተጋጣሚ እግር ላይ አረፈች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ወንድሙ ጀሪካኑን አንሥቶ ሲወጣ የተናገረውን 8ኛው አልጻፈውም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

9ኛው ርኅራኄ የለውም። የጀርባው ታች ከማስተካከያው ገብተህ ማጥፋት የምትችለው ነገር ነው፤ መመሪያ የማያነብ ሰው ዕቃውን አይክሰስ አለ። 8ኛው በ10ኛ መልስ፣ ማጥፋት እንደሚቻል ያወቁት ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሆነ አመነና፣ ጠፍቶ ካልሆነ በቀር ለሰው የማይመች ነገር ለምን በርቶ ይመጣል ሲል ጠየቀ። እኔ ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

11ኛው ወደ ጓንቴ ተመለሰ፤ ሊያሾፍብኝ ነው። ጓንት የሚያስፈልገው ለብርድ ብቻ አይደለም አለ። ማሪዮ ፓርቲ በኔንቴንዶ 64 ሲወጣ አናሎጉን፣ ያን በአውራ ጣት የሚዞር አጭር ዘንግ፣ በፍጥነት ማሽከርከር የሚጠይቁ ጨዋታዎች ነበሩት። ልጆች በአውራ ጣት አልሆን ሲላቸው በመዳፋቸው አሽከረከሩት፤ የመዳፍ ቆዳ ተላጠ። ኔንቴንዶ በ2000 ከኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ ለተጫዋቾች ጓንት ለመስጠት ቃል ገባ። የሰውየው ነጥብ፣ አካል ያቆሰለው የምመካበት አናሎግ እንጂ ታች አለመሆኑ ነው። ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት አልሰማሁትም ነበር። ለማጣራት ተነሣሁ፤ እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ተናደድኩ።

12ኛው የነገረን ከሁሉም ያሳቀኝን ነው። አንቻርትድ ጎልደን አቢስ የሚባለው የቪታ ጌም የዕቃውን ጓዝ ሁሉ ለማሳየት የተሠራ ይመስላል። ገደል ለመውጣት መስመሩን በጣትህ ትስላለህ፣ አቧራ በጣትህ ታብሳለህ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በብራናው ላይ የተሰወረው ጽሑፍ እንዲታይ ኮንሶሉን ወደ ደማቅ ብርሃን እንድታነሣ ያዝሃል፤ ከጀርባ ያለው ካሜራ ብርሃኑን ያያል። ልጁ እዚያ ቦታ ላይ የደረሰው ማታ ነው፤ ደሴ መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ሻማ አበራ፤ ጌሙ አልበቃውም። ሁለተኛ ሻማ ጨመረ። የእናቱን ስልክ ሰርቆ ባትሪውን አበራ፤ አንዴ የተቀበለው መስሎት ነበር፣ ስልኩ ቻርጅ ጨረሰ። ተኛ። ሲነጋ ግቢው ውስጥ ወጥቶ ፀሐይ የጦሳን ተራራ እስክትመታ፣ ከጦሳ ወደ ሰፈር እስክትወርድ ጠበቀ። ብቅ ስትል ቪታውን በሁለት እጁ ከግንባሩ በላይ ከፍ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። እናቱ ገንፎ እያማሰሉ በመስኮት ያዩታል። ጠርተው ስለት አለብህ ወይ አሉት።

13ኛው ይህን አንብቦ ካሜራ ታች አይደለም፣ ከርእሱ አትውጡ አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ውይይት የለም።

እስከዚህ ድረስ በሰላም ነበርን። 14ኛው ጠምዘዝ አደረገው። የመክፈቻ ጽሑፉ ጥያቄ ሳይሆን የሱቅ ማስታወቂያ መሆኑን ጻፈ። ጠጋኝ ቁልፍን ቢወድ አይገርምም፤ ቁልፍ ይበላሽለታል። ታች የጠላው ስለማይሠራ ሳይሆን እርሱ ስለማይሠራው ነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ብሎ የጻፋትም ለደንበኛ እንድትነበብ ነው። ይህን ሁሉ በአራት መስመር።

15ኛው መልስ የእኔ ነው፤ አሁን ሳነበው አይጥመኝም። የማስታወቂያ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ የሱቄን ስም እጽፍ እንደነበር፣ እርሱ ግን ስሙንም ሰፈሩንም ደብቆ በሰው እንጀራ እንደሚገባ ነገርኩት። ሌላም ጨመርኩ፤ እርሱን ማታ አጥፍቼዋለሁ። ለነገሩ የጥገናው ነጥቡ እውነት ነበረበት። የማልጠግነውን ነገር አልወድም።

16ኛዋ ሴት ናት፤ ከኮምቦልቻ፤ በዚህ ጠብ መካከል ነው የገባችው። የአሥራ አራት ዓመት ወንድም አላት፤ ቀኝ እጁ ከልደቱ ጀምሮ ደካማ ነው። ጣቶቹ ይዘረጋሉ፤ መጨበጥና አጥብቆ መያዝ ግን ይከብዳቸዋል። በእኛ ዓይነት ሱቅ ከእኩዮቹ ጋር ቆሞ ያያል እንጂ አይጫወትም፤ በጆይስቲኩ ጀርባ ያሉትን ቁልፎች በጠቋሚ ጣት ይዞ በአውራ ጣት ኤክስ መጫን አይሆንለትም። ዘመድ ያመጣላቸው ስዊች የሚባል የኔንቴንዶ የእጅ ኮንሶል አለ። በማሪዮ ሜከር 2 ላይ ኮንሶሉን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በአንዲት ጣት የራሱን መንገድ ይሠራል፤ ጡቡን እየጎተተ ያስቀምጣል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ እሾህ ይተክላል። ከዚያ ሠርቶ ለሰፈር ልጆች ይሰጣቸዋል። እነርሱ በቁልፍ ይጫወቱታል፤ አንዱም እስከ መጨረሻው አልደረሰም። ታች ትርፍ ነው የሚለውን ለወንድሟ እንዳላነበበችለት ጽፋ ጨረሰች።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ማንም አልጻፈም። 14ኛውም፣ እኔም።

17ኛው ያንን ዝምታ ባይሰብረው ይሻል ነበር። የልጁ ነገር እንደሚያሳዝን፣ ነገር ግን ለጥቂቶች ተብሎ ለብዙኃኑ የሚሠራ ዕቃ እንደማይወደድ አስተማረን። 18ኛው እንዲህ ያለ አንደበት በወሎ ምድር እንዴት እንደበቀለ እንደሚገርመው ከገለጸ በኋላ ነገሩን በቁጥር ያዘው። ዲኤስ ከ154 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ታች በዕቃው ውስጥ ነበረ፤ የቱን ብዙኃን ነው ያስከፋው? ስቲም ዴክ የሚባለው የእጅ ኮንሶል በ2022 ሲወጣ ታች ስክሪኑ ላይ ሁለት የሚነኩ ሰሌዳዎች ጨምሮ ነው የመጣው፤ ቁልፎቹ አንድም አልጎደሉም። አንዱ ሲጨመር ሌላው ይቀነሳል ያለው ማን ነው? አጻጻፉ እንደ ጅራፍ ነበር። 17ኛው ጽሑፉን አነሣ፤ የመልሱ ቁጥር ብቻ ቀርቷል።

19ኛው ኮምቦልቻ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራል። በዚህ ክርክር ላይ ጊዜዬን ያጠፋሁት በከንቱ አለመሆኑን ያወቅኩት በእርሱ ነው፤ ከእኔ ጋር ስለተስማማ ግን አይደለም። ጥያቄው ከመነሻው ተጣምሟል አለ። ታች ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ ያለ ታች መጫወት ይከልከል አይከልከል ነው። በ2013 ሶኒ ቪታን ስክሪን የሌላት ትንሽ ሣጥን አድርጎ ከቴሌቪዥን ጋር የምትገናኘውን ቪታ ቲቪን አወጣ። ታች ስለሌላት፣ ታችን ግድ የሚሉ የቪታ ጌሞች አልሠሩባትም። በሚገባ የተሠራ ጌም፣ የተገዛ ጌም፣ በር ላይ ቀረ። ስዊች በ2017 ሲመጣ ባለ 6.2 ኢንች ታች ስክሪን ነበረው፤ ግን ቴሌቪዥን ላይ ለመጫወት ማቆሚያው ውስጥ ሲሰካ ስክሪኑ ይጋረዳል። ስለዚህ ጌም ሠሪው ታችን እንደ ቅመም እንጂ እንደ እህል አይቆጥረውም። ያቺ እኅታችን የጻፈችው ማሪዮ ሜከር 2 እንኳ ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን በጆይስቲክ ይሠራል። ልጁም ተጠቀመ፤ ሌላውም አልተጎዳ።

ከዚያ ወደ ወሬው ዕቃ መጣ። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ከ2013 ጀምሮ መሐሉ ላይ የሚነካ ሰሌዳ አለው፤ የ5ኛውም እንዲሁ። ብዙ ጌም ካርታ የሚከፍተው እርሱን ስትጫን ነው። በኖቬምበር 2023 የወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታል ጆይስቲኩን ከመሐል ሰንጥቆ ባለ 8 ኢንች ስክሪን ሲያስገባ ሰሌዳው ቦታ አጣ፤ ስለዚህ ሥራውን ወደ ስክሪኑ አዛወሩት፤ ስክሪኑን ስትነካ ሰሌዳውን እንደ ነካህ ይቆጠራል። እንግዲህ አዲሱ የእጅ ኮንሶል እነዚያኑ ጌሞች የሚያጫውት ከሆነ፣ ታች የሆነ ቦታ ላይ ቢኖረው ምኑ ይገርማል? ጭምጭምታ ሆኖ የከረመው ነገር ቀድሞውኑ በእጃችን የነበረ ነው አለ።

ይህን ሳነብ መጋረጃውን ገልጬ ወደ ፊት ክፍል ተመለከትኩ። አራት ቴሌቪዥን፣ ስምንት ጆይስቲክ። እያንዳንዳቸው መሐላቸው ላይ ያ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የልጆቹ እጅ የብስኩት ፍርፋሪና የብርቱካን ጭማቂ ስለማያጣ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት ማታ ማታ በጥጥ የምወለውለው እርሱን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጆይስቲክ የፈታሁ ሰው፣ በየቀኑ ስምንት ታች እየጠረግኩ ታች አያስፈልግም ብዬ ጻፍኩ። 20ኛው መልስ የእኔ ነው፤ ይህንኑ ነው የተናዘዝኩት። ትርፍ የሚለውን ቃል አነሣሁ። ግዴታ አይሁን የሚለውን አስቀረሁ። የኮምቦልቻዋን እኅትም ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ወንድሟን ይዛ ደሴ ከወጣች አንዱን ቴሌቪዥን ለቀን እንደምሰጠው ጻፍኩ። አልመለሰችም፤ የልብ ምልክት ብቻ አስቀመጠች።

21ኛው ስለ ዋጋ አነሣ፤ መቼ ይነሣል እያልኩ እጠብቀው ነበር። ብር በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚወጣበት ዓመት ስላልታወቀ፣ ሲወጣም ስለማንገዛው ዕቃ ሰባት ቀን መጣላታችንን ታዘበ። አብሽሩ፣ እኛ ጋ ሲደርስ አሮጌ ሆኖ ነው አለ። እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ አሮጌ ሆኖ ሲደርስ የሚከፍተው እኔ ነኝ።

22ኛው ከርእሱ ወጥቶ ሐረጎ ላይ ወጣ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ሲወርድ ጌም እንደማይሞከር፣ ታች ይሁን ቁልፍ ከሦስተኛው ጥምዝ በኋላ ልዩነት እንደሌለው፣ አንዴ ሞክሮ ፌስታል ከረዳቱ መለመኑን ነገረን። አምስት ሰው ወደደው። 13ኛው ዝም አለ፤ ሰው ነው፣ እርሱም በዚያ መንገድ ሳያልፍ አይቀርም።

23ኛው የመጀመሪያው የኮምቦልቻ ሰው፣ ያ የፋብሪካው፣ ነው። የተመለሰው በቁም ነገር ነው። እርሱም ቪታ አለው። ታቹ ደኅና ነው፤ የግራው አናሎግ ግን ሳይነኩት ወደ ላይ እየሄደ አስቸግሮታል። የእኔ ታቹ የሞተ፣ የእርሱ አናሎጉ የታመመ፤ የእርሱን ስክሪን ለእኔ ሰጥቶ ከሁለቱ አንድ ጤነኛ ቢወጣና ተራ በተራ ብንጫወትበትስ? ታቹ ከታች ይምጣልህ ብሎ ጨረሰ። መምህሩ ይህችን አንብበው ከሆነ ወደዋታል።

24ኛ መልሴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ቻርጅ የሚያደርገው በድሮ ስልክ ገመድ ነው ወይስ በራሱ ሰፊ ገመድ? የመጀመሪያው ቪታ የራሱ ሶኬት አለው፤ ስክሪኑም ኦሌድ ነው። በ2013 የመጣው ቀጭኑ በስልክ ማይክሮ ዩኤስቢ ይሞላል፤ ስክሪኑ ኤልሲዲ ነው። የአንዱ ለአንዱ አይገጥምም። የእኔ የመጀመሪያው ነው። እርሱ በሰዓታት ውስጥ የገመዱን ጫፍ ፎቶ ላከ። ቀጭኑ ነው።

ቅዳሜ ግን መጣ። ወፍራም ሹራብ ደርቦ፣ ቪታውን በፎጣ ጠቅልሎ። አናሎጉን ፈታሁት፤ ከሥሩ የጥጥ ብናኝ ተጠቅልሎበታል፤ ከፋብሪካው ይሁን ከፎጣው አላወቅንም። በአልኮል ጠረግኩት፣ መለስኩት፣ ዳር እስከ ዳር አዞርኩት፤ ስለቀው መሐል ላይ ቆመ። ለሁለታችን ያዘዝኩት ሻይ ቀዝቅዞ ነበር። የእኔን ቪታ ከመሳቢያው አውጥቶ አበራው፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፈ፣ መልሶ አስቀመጠው።

25ኛው መልስ ማታ የገባው የእርሱ ነው። አናሎጉ እንደተስተካከለ ቤቱ መድረሱን ገለጸ። ሐረጎን ሲወርድ የሚኒባሱ መስኮት አልከፈት ብሎ እጁ ማላብ ጀምሮ ነበር፤ ስክሪኑ ለብቻው ሁለት ጌም ከፍቶበታል።